ስንቁ ቀን ነው፦ በየካቲት ወደ ኤቨረስት ግርጌ

በኔፓል የሚገኘው የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያው 527 ሜትር ብቻ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ቀጥ ያለ ተራራ ይዘጋዋል። መንደርደሪያው ራሱ ዳገት ነው፤ የሚያርፈው አውሮፕላን ሽቅብ እየሮጠ ፍጥነቱን ይገታል፣ የሚነሳው ደግሞ ቁልቁል ተንደርድሮ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይነሳል። ደመና ከወረደ ወይም ነፋስ ከበረታ በረራ የለም። ማልዶ ተነስቶ፣ ሻንጣውን አስመዝኖ፣ ካትማንዱ ላይ ወረፋ የያዘ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ወደ ሆቴሉ ሊመለስ ይችላል። በማግስቱም እንዲሁ።

ወደ ኤቨረስት ግርጌ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጫማና ስለ ጉልበቱ ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ጉዞውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ግን ቀን ነው። ሰማዩ እስኪጠራ የሚጠበቅበት፣ ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ የሚታረፍበት፣ በረዶ መንገድ ሲዘጋ የሚታገሡበት ቀን። በተለይ በክረምቱ ማብቂያ ለሚሄድ ሰው ዋናው ስንቅ እሱ ነው።

ክረምት ሲባል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ዝናብ ነው። የሂማሊያ ክረምት ግን ሌላ ነገር ነው። የኔፓል ዋናው ዝናብ እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ብርዳማና ደረቅ ወቅት ነው፤ ለእኛ በጋ በሆነው ጊዜ ማለት ነው። የክረምቱ ማብቂያ እንግዲህ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ነው። ያኔ ቀኑ መርዘም ይጀምራል፣ የብርዱ ጥርስ ትንሽ ይዶለዱማል፣ በዝቅተኛዎቹ ሸለቆዎች የኔፓል ብሔራዊ አበባ የሆነው ሮዶደንድሮን ማበብ ይጀምራል። ተራራ ወጪዎቹ ትልልቅ ቡድኖች የሚደርሱት በሚያዝያ ስለሆነ መንገዱም ገና ባዶ ነው። በጥቅምትና በኅዳር በጊዜ ያልደረሰ መንገደኛ ክፍል በሚያጣባቸው ማረፊያዎች፣ በየካቲት ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ሰው ይጠብቃል።

በኤቨረስት አካባቢ የሚኖረው የሼርፓ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን ሎሳርን የሚያከብረውም በዚሁ ሰሞን፣ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ነው። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ቀኑ ይለያያል። ኔፓል የራሷ የቀን አቆጣጠር ያላት አገር ነች፤ እኛ ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን እነሱ ደግሞ 57 ዓመት ገደማ ወደ ፊት ናቸው። ስለዚህ ከአገሬው ሰው ጋር ቀጠሮ የሚይዝ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነጋገር ቢያጣራ መልካም ነው።

ወቅቱ የሚያስከፍለውም አለ። ናምቼ በተባለችው የሼርፓዎች ከተማ፣ በ3,440 ሜትር ላይ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከ5,000 ሜትር በላይ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል። ዝናብ ባይኖርም ከሜዲትራንያን አቅጣጫ የሚነሳ የአየር ሁከት አልፎ አልፎ በረዶ ይዞ ይመጣል፣ መንገዱንም ለአንድ ለሁለት ቀን ይዘጋል። ሕክምናውም በወቅት የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የሂማሊያ ነፍስ አድን ማኅበር በፈሪቼ መንደር ያለውን ክሊኒክ የሚከፍተው በጸደይና በመኸር የጉዞ ወራት ነው። በየካቲት አጋማሽ የደረሰ ሰው በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ተራራ ወጪው ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋመው የኩንዴ ሆስፒታል ሲሆን፣ እሱ ያለው ከፈሪቼ ወደ ታች፣ ከናምቼ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው።

ከሉክላ እስከ ኤቨረስት ግርጌ ካምፕ መንገዱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠንካራ እግረኛ ርቀቱን ሲያይ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ ሊል ይችላል። ሊያደርገው ግን አይገባም። ሉክላ 2,860 ሜትር ላይ ናት፤ ካምፑ 5,364 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በግማሽ ገደማ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። ሐኪሞች የሚመክሩት ግልጽ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው የመኝታ ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ይታደር።

ይህ ምክር ወደ መንገዱ ሲመነዘር በግምት እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ሌሊት ፋክዲንግ ነው፤ ከሉክላ ዝቅ ያለች መንደር ናት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ናምቼ። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1989 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራው ገዳም ያለበት ቴንግቦቼ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ዲንግቦቼ፣ ሰባተኛው ሎቡቼ፣ ስምንተኛው ጎራክ ሼፕ። ናምቼና ዲንግቦቼ ላይ የሚታደሩት ተጨማሪ ሌሊቶች የሰነፍ ዕረፍት አይደሉም፤ መንገደኛው ቀን ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን ንጋት ብዙዎች ከ5,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ካላ ፓታር ይወጣሉ፤ የኤቨረስት ጫፍ ጎልቶ የሚታየው ከግርጌው ካምፕ ሳይሆን ከዚህ ነውና። መውረጃው ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ደገኛ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። እኛስ ከፍታ ለምደን የለም ወይ? ጥያቄው የሳይንስ መልስ አለው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የእነዚህ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። የኢትዮጵያው ሦስተኛ መንገድ ሆነ።

ይህ የሚያኮራ ግኝት ነው፤ የማይታመሙበት ዋስትና ግን አይደለም። ጥናቱ የተደረገው በዚያ ከፍታ ተወልደው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው የተሻለ መነሻ አለው፤ ለ5,000 ሜትር ግን እሱም እንግዳ ነው። ዓመታቱን በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ሰውነቱ የባሕር ዳርቻ ሰው ሆኗል። አገር ቤት ያለ ሰው ግን ልምምድ የሚያደርግበት ሰፊ ሜዳ አለው። ደባርቅ ከሉክላ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ በሳንቃበርና በግጭ አድሮ፣ ጉልበቱ ከፈቀደ 4,550 ሜትር ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን የወጣ ሰው እግሩንም፣ ጫማውንም፣ የራስ ምታቱንም አስቀድሞ ያውቃል።

ምልክቶቹን ማወቅ ከጀግንነት ይበልጣል። የራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መረበሽ ቀላሉ የከፍታ ሕመም ነው፤ ያለበት ሰው ባለበት ይቆያል፣ እስኪሻለው ወደ ላይ አይወጣም። ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣቶች ፊት እያስቀደመ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ካቃተው፣ አንጎሉ እያበጠ ነው። የሁለቱም መድኃኒት ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። ዲያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላሚድ መላመድን ያግዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ በተለይ ሰልፋ ያለባቸው መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው።

ማታ ማታ ማረፊያዎቹ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ያልሆነ ሽታ አለ። በምግብ አዳራሹ መሃል የብረት ምድጃ ይቆማል፤ አሥር ሰዓት አካባቢ ባለቤቲቱ በቅርጫት ያክ የሚባለውን የአገሬውን ከብት ደረቅ ኩበት ይዛ ትመጣና ትለኩሰዋለች። ዛፍ ከሚበቅልበት ከፍታ በላይ እንጨት የለምና። እንግዶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ጓንትና ካልሲ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። መኝታ ክፍሎቹ ግን ማሞቂያ የላቸውም። ልምድ ያለው መንገደኛ ከመተኛቱ በፊት የውኃ ኮዳውን ፍል ውኃ አስሞልቶ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይከተዋል፤ ሌሊት እግሩን ያሞቅለታል፣ ጠዋት ሳይበርድ የሚጠጣው ይሆነዋል። ስልኩንና ፓወር ባንኩንም እዚያው ያስገባል፤ ብርድ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳልና። ወፍራም ስሊፒንግ ባግና በላባ የተሞላ ጃኬት ካትማንዱ ውስጥ ታሜል በሚባለው ሰፈር በኪራይ ይገኛሉ።

ምግቡም ሩቅ አይደለም። ሼርፓዎች ጻምፓ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ በሻይና በቅቤ ያሹታል። በሶ ያደገበት ሰው ገና ሳይቀምሰው ያውቀዋል። የመንገደኛው የዘወትር ምግብ ዳል ባት ነው፦ ሩዝ፣ የምስር ወጥና አትክልት፤ ሲያልቅ ይጨመራል። ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ስለሚገባ፣ ጉዞው ከጾሙ ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ለጿሚ ዳል ባት ምቹ ነው፤ ቅቤ እንዳይገባበት አስቀድሞ መንገር ብቻ ያስፈልጋል።

ከናምቼ በታች ያለው ዳገት ላይ መንገደኛው ቆም ብሎ ሊያያቸው የሚገባ ሰዎች አሉ። ተሸካሚው ዶኮ የሚባል የቀርከሃ ቅርጫት በጀርባው አዝሏል፤ ክብደቱን የያዘው ግን ናምሎ የሚሉት፣ በግንባሩ በኩል የሚያልፈው ጠፍር ነው። ሲደክመው ሸክሙን አያወርድም። ቲ ቅርጽ ያለውን አጭር በትሩን ከቅርጫቱ ሥር ያስገባና ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥቂት ይተነፍሳል። ብዙዎቹ ከቆላው መንደሮች የመጡ ናቸው፤ ከፍታው እነሱንም ያማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተሸካሚዎች ደኅንነት ቡድን ጭነቱ ከ30 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ተሸካሚ የሚቀጥር ሰው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ሞቅ ያለ ልብስ፣ መኝታና የሕክምና መድን እንዳለው ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት።

ወረቀቱ ከሁሉ ይቀድማል። የብዙ አገሮች ዜጎች የኔፓልን ቪዛ ካትማንዱ ሲደርሱ ያገኛሉ፤ የ30 ቀኑ 50 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ ግን ዜጎቻቸው አስቀድመው ቪዛ ማግኘት ከሚገባቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ይህን አይለውጠውም፤ ሆኖም በሪያድ፣ በአቡ ዳቢና በዶሃ የኔፓል ኤምባሲዎች አሉ። በህንድ በኩል የሚያልፍ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከለለው፣ መንገዱ የሚያልፍበት የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ለውጭ ዜጋ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ የአካባቢው አስተዳደርም የራሱን ያስከፍላል። መድኑ በሄሊኮፕተር መወሰድን እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። መንገድ መሪ መያዝን በተመለከተ የአገሪቱ መመሪያና የአካባቢው አስተዳደር አሠራር አልተጣጣሙም፤ በረዶ ዱካ በሚሸፍንበት በየካቲት ግን መሪ ሳይዙ መውጣት አይመከርም።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ለመንገዱ 12 ቀን፣ ለካትማንዱ 2፣ ለደመናና ለበረዶ 3፤ በድምሩ 17፣ ከዓለም አቀፍ በረራው ውጪ። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ የሉክላ በረራዎች ብዙውን ጊዜ ከካትማንዱ አራት አምስት ሰዓት በመኪና ወደሚርቀው ራሜቻፕ ስለሚዛወሩ፣ የበረራው መነሻ ከየት እንደሆነ ቀድሞ ይጠየቅ። በየካቲት ለመሄድ ያሰበ ሰው የቪዛውን ጉዳይ በኅዳር ይጀምር። አሥራ ሰባቱን ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ማግኘት ካልቻለ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ያቆየው እንጂ ከናምቼና ከዲንግቦቼ ሌሊቶች አንዱንም አይቀንስ።