ዘፋኝ፣ ዘማሪ ወይስ አዝማሪ? ከያንያን በበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት የሚመደቡበት መንገድ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገበያ የወጣ ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት ገበያውን ሁሉ መዞር አይጠበቅበትም። እህል ፈላጊው ወደ እህል ተራ፣ በርበሬ ፈላጊው ወደ በርበሬ ተራ፣ በሬ ሊገዛ የወጣውም ወደ ከብት ተራ ያቀናል። በእህል ተራው ውስጥም ነጩ ጤፍ ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ሰርገኛውም ለብቻ ይቆማል። ማንም በፈቃዱ ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት፣ ውክፔዲያ፣ ጽሑፎቹን የሚያደራጀው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ዘዴ ነው። ለተራው የሰጠው ስም «መደብ» ይባላል።

ጉዳዩ ለምዕራብ ጎጃም ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም። አካባቢው በሰርግ ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ፣ ንጋት ላይ በየደጁ የሚያዜም ላሊበላ፣ ከብት እየጠበቀ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ፣ በልቅሶ ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ፣ በደቦና በወንፈል እርሻ ላይ ቀረርቶ የሚያሰማ አራሽ ያለበት ነው። ከእነዚህ መካከል ማን በየትኛው ስም እንደሚመዘገብ፣ ማንስ ጨርሶ ሳይመዘገብ እንደሚቀር የሚወስነው የምደባው ሥርዓት ነው። ዛሬ ተማሪውም ተመራማሪውም ስለ አንድ ከያኒ ለማወቅ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንኑ መዝገብ በመሆኑ፣ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

መደብ እንዴት ይሠራል?

ውክፔዲያ በጥር 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተጀመረ። መደብ የሚባለው አሠራር የተጨመረበት በ1996 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝኛው መዝገብ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ አሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስለ አንድ ድምፃዊ የጻፈ ሰው በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ለምሳሌ [[መደብ:የኢትዮጵያ ድምፃውያን]] ብሎ ያክላል። ያን ጊዜ የከያኒው ስም በዚያ መደብ ገጽ ላይ በራሱ ይሰፍራል። መደቡም በተራው በሌላ ሰፊ መደብ ሥር ይገባል፤ ድምፃውያን በሙዚቀኞች ሥር፣ ሙዚቀኞች በከያንያን ሥር እየሆኑ እንደ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ይያያዛሉ።

ከገበያው የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። አንድ ኩንታል በርበሬ በአንድ ጊዜ በሁለት ተራ ሊቆም አይችልም፤ አንድ ከያኒ ግን ሙያው እስከፈቀደ ድረስ በብዙ መደብ ሊገባ ይችላል። ክራር ተጫዋችም፣ ድምፃዊም፣ የመድረክ ተዋናይም የነበረችው አስናቀች ወርቁ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እርሷን በአንዱ ብቻ መመደብ ሁለቱን ሙያዎቿን መደበቅ ይሆናል።

የታየበት መድረክ ሁሉ መደብ አይሆንም

ብዙ መደብ ይፈቀዳል ማለት ግን ልክ የለውም ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አዘጋጆች ከተስማሙባቸው መመሪያዎች አንዱ ከያንያንን በሠሩት ሥራ ወይም በታዩበት መድረክ መመደብን ይከለክላል። በዚህ መሠረት «በዚህ ፊልም የተወኑ»፣ «በዚያ በዓል ላይ የዘፈኑ» የሚሉ መደቦች ተቀባይነት የላቸውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠላሳ ፊልም የሠራ ተዋናይ ሠላሳ መደብ ይደረደርለታል፤ ከዚያ ክምር ውስጥም ዋናውን ሙያውን ለይቶ ማግኘት ያዳግታል። አንድ አዝማሪ በጥር ወር ብቻ በስንት ሰርግ ላይ እንደሚጫወት የሚያውቅ የገጠር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አዝማሪውን አዝማሪ ያሰኘው ሙያው እንጂ የሠርገኛው ቤት አይደለም። ስለዚህ መደብ የሚሆነው የሰውየው መለያ የሆነ ነገር ብቻ ነው፤ የታየባቸው መድረኮችና የሠራቸው ሥራዎች በጽሑፉ ውስጥ ወይም ራሱን በቻለ ዝርዝር ይቀርባሉ። ዝርዝር ማብራሪያና ማስረጃ ሊይዝ ይችላል፤ መደብ ግን ስም ብቻ በመሆኑ «ለምን እዚህ ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም።

ዘፋኝና ዘማሪ

ምደባው በአማርኛ ሲሆን የራሱ ፈተና ይገጥመዋል። በእንግሊዝኛ በዓለማዊ ዜማም ሆነ በመንፈሳዊ ዜማ የታወቀ ሰው በአንድ ቃል ይጠራል። በአማርኛ ግን «ዘፋኝ» እና «ዘማሪ» የተለያዩ ናቸው። መንፈሳዊ መዝሙር የሚያቀርብ ሰው ዘፋኝ ቢባል ቅር ይለዋል፤ በቅኔ ማኅሌት የሚያገለግሉ መዘምራንም በዘፋኞች መደብ ቢገቡ ስሕተት ነው።

በጎጃም የተወለደው ሙሉቀን መለሰ የሁለቱንም ዓለም የሚያሳይ ነው። በዘፈኖቹ ዝናው ከናኘ በኋላ ዓለማዊ ዘፈንን ትቶ ወደ ወንጌል መዝሙር አገልግሎት ተሻገረ፤ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። መዝገቡ የሕይወት ታሪኩን በሙሉ ሊያሳይ ከፈለገ በሁለቱም መደብ ሊያስገባው ይገባል። በአንዱ ብቻ ቢያስገባው ግማሹን ዕድሜውን ይሰርዛል።

«አዝማሪ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። ከ«ዘማሪ» ጋር የሚጋራው ሥር «ዘመረ» የሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ይሁንና ቃሉ በንቀት ይነገር የነበረበት ዘመን ስለነበረ ዛሬ «የባህል ድምፃዊ» መባልን የሚመርጡ አሉ። ሌሎች ደግሞ አዝማሪነትን ከአባት የወረሱት ክቡር ሙያ አድርገው ይጠሩበታል። በ«ድምፃውያን» ሥር ሁሉንም መጠቅለል አዝማሪው ግጥሙን እዚያው ከአድማጩ ፊት እየፈጠረ የሚያዜም ባለሙያ መሆኑን ያስረሳል። ሰርገኛውን ጤፍ ነጭ ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

የትውልድ ቦታና የአስተዳደር ወሰን

ከያንያንን በትውልድ ቦታ መመደብም የተለመደ ነው፤ ሆኖም የአስተዳደር ወሰን ይለዋወጣል። ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው የተወለደችባት ቻግኒ ቀድሞ በጎጃም ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ የምትገኘው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው። «የጎጃም ከያንያን» የሚል መደብ የሚያዘጋጅ ሰው የድሮውን ጎጃም ማለቱ ይሁን የዛሬዎቹን ዞኖች በመደቡ ገጽ አናት ላይ ካላብራራ ክርክሩ ማብቂያ አይኖረውም።

በብሔርና በሃይማኖት መመደብ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። የእንግሊዝኛው መዝገብ መመሪያ በሕይወት ያለን ሰው በሃይማኖቱ ለመመደብ ሰውየው ራሱ በይፋ የተናገረው እንዲሆን ይጠይቃል። በስም ወይም በትውልድ ቦታ ተነሥቶ መገመት አይፈቀድም።

ሴቶችን ለብቻ መለየት

ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደራሲት አማንዳ ፊሊፓኪ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ያወጣችው ጽሑፍ ብዙ አነጋግሮ ነበር። ሴት ደራስያን ከ«አሜሪካዊ ልብ ወለድ ደራስያን» መደብ እየወጡ ወደ ሴቶች ብቻ መደብ እየተዛወሩ መሆኑን አመለከተች፤ በዋናው መደብም በአብዛኛው ወንዶች ብቻ ወደ መቅረቱ ይሄድ ነበር። ከጉዳዩ የሚገኘው ትምህርት ለከያንያንም ይሠራል። የሴት ድምፃውያን መደብ መኖሩ አይከፋም፤ ነገር ግን እያንዳንዷ በዋናው የድምፃውያን መደብም ስሟ ሊኖር ይገባል። ካልሆነ መለየቱ ማግለል ይሆናል።

የስም አቀማመጥና የሆሄያት ጉዳይ

ምዕራባውያን በቤተሰብ ስም ስለሚደረደሩ የእንግሊዝኛው መዝገብ የሰዎችን ስም ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ ማስቀመጥ ልማዱ ነው። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ጥላሁን ገሠሠን በ«ገ» ሥር መፈለግ አባቱን መፈለግ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን ከያንያን በራሳቸው ስም ሊደረደሩ ይገባል፤ ጸሐፊውም ይህን ለኮምፒውተሩ የሚገልጽበት ልዩ ትእዛዝ አለ።

በአማርኛው መዝገብ ደግሞ የሞክሼ ሆሄያት ችግር አለ። አንባቢ «ድምፃውያን» እና «ድምጻውያን» ሲል አንድ ቃል ያነባል፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ መደቦች ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ» ከጻፈ ከያንያኑ ሳይገናኙ በሁለት ገጽ ተበትነው ይቀራሉ። «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» የሚሉ ስሞችም በፊደል ተራ በተለያየ ቦታ ይወድቃሉ። መፍትሔው አንዱን አጻጻፍ መርጦ መስማማትና ሌላውን ወደ እርሱ መምራት ነው።

ከመደቡ በፊት ጽሑፍ

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን ጽሑፍ ያልተጻፈላቸው ከያንያን ጉዳይ ነው። ውክፔዲያ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ወይም ከአያቱ የሰማውን በማስረጃነት አይቀበልም፤ ቀድሞ በታመነ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም ሌላ የታተመ ምንጭ የወጣ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የቆመ ድምፃዊ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ስሙ ይገኝ ይሆናል። በሰከላ፣ በቋሪት ወይም በጃቢ ጠህናን ቀበሌ ስሙ የገነነ ማሲንቆ ተጫዋች ግን የሚታወቀው በአድማጮቹ አንደበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ርቆ ነው። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ መምህራንና የአካባቢ መገናኛ ብዙኃን የከያኒውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሚጫወተውን መሣሪያና ሙያውን ከማን እንደተማረ ቀን ጠቅሰው ቢያትሙ ለነገው ጸሐፊ ማስረጃ ይሆናል። ከያኒውንም «ምን ተብለህ መጠራት ትመርጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መደቡን ከዚያ በኋላ ማከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይጻፍለት ያለፈን አዝማሪ ግን የትኛውም መደብ አይመልሰውም።