እርጥብ ጆንያ፣ ደረቅ ነፋስ

ቀትር አለፍ ሲል ጫቱ ከኢትዮጵያ ጅቡቲ ከተማ ይገባል። በካርቲየ 6 መንገድ ዳር የተቀመጡት ሴቶች እስሩን ይቀበሉና ቶሎ ብለው በእርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ውሃ ይረጩበታል፤ ሲደርቅ ደግመው ይረጩበታል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት በዚያ ሰዓት ከጆንያው ሥር እጅ ቢያስገቡ ቀዝቀዝ ይላል። በረዶ የለ፣ መብራት የለ። በጋላፊ በኩል የሚወርዱት የከባድ መኪና ሾፌሮችም የሚጠጡትን ውሃ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን አርሰው፣ ነፋስ እንዲመታው ከመስታወቱ ላይ ያንጠለጥሉታል። ሁለቱም አንድ ጥበብ ነው።

በፋብሪካ ግቢ ወይም በትልቅ ሆቴል ጣሪያ ላይ አናቱ ላይ ፋን የሚሽከረከርበት፣ ጎኑ እንደ መዝጊያ የተሸነሸነ፣ ነጭ እንፋሎት የሚተፋ ሣጥን አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ የዚህ ጆንያ ታላቅ ወንድም ነው። ባለሙያዎቹ ኩሊንግ ታወር ይሉታል፤ እኛ የማቀዝቀዣ ማማ እንበለው። የስኳር ፋብሪካን ውሰዱ። የአገዳው ጭማቂ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት መልሶ ውሃ ለማድረግ እጅግ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠይቃል። ያ ውሃ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል። ወንዝ ዳር ያለ ፋብሪካ የሞቀውን ለወንዙ ሰጥቶ ሌላ ሊቀዳ ይችላል። ውሃ በሚቸግርበት አገር ግን ያንኑ ውሃ አቀዝቅዞ መልሶ ማሠራት ግድ ነው።

የሚያቀዘቅዘው ትነት ነው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ከምድጃው የሚወስደውን ሙቀት አንድ ብንለው፣ ያንኑ ሊትር ጨርሶ አትንኖ ለማድረቅ ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ ይፈጃል። ማንቆርቆሪያ ጥዶ የረሳ ሰው ያውቀዋል፦ ለመፍላት የፈጠነው ውሃ ለማለቅ ብዙ ይቆያል። ነፋስ ላይ ያለ እርጥብ ጨርቅ ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያገኝበት ምድጃ ስለሌለው ከቀረው ውሃ ላይ ይነጥቃል። ስለዚህ ከ100 ሊትር ሙቅ ውሃ 1 ሊትሩ ብቻ ሲተን የቀረው 99 ሊትር በ6 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ አየሩ ሲጠማው ነው። ጅቡቲ የኖረ ሰው ይህን ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራ እየነዳ ይመጣል፤ ፊት ይጠብሳል፣ ግን ደረቅ ነው። ከእሱ በፊትና በኋላ፣ በግንቦትና በመስከረም አካባቢ፣ የባሕሩ እርጥበት ከተማው ላይ ይተኛል፤ ሙቀቱ በቁጥር ያንሳል፣ ላቡ ግን አይደርቅም። መሐንዲሶች ይህን የሚለኩት የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ ላይ በመያዝ ነው። አየሩ 42 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ በሆነ የካምሲን ቀን ያ ቴርሞሜትር ወደ 24 ዲግሪ ይወርዳል። አየሩ 34 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነ ቀን ግን 29 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ጆንያም ሆነ ሚሊዮኖች የወጡበት ማማ ውሃን ከዚያ ቁጥር በታች ማውረድ አይችልም። በባሕር ዳርቻ ለሚተከል ፋብሪካ ማማ ሲገዛ መታየት ያለበት በጣም የሞቀው ቀን ሳይሆን በጣም የወበቀው ቀን ነው፤ ይህን የሚስት ገዢ አይጠፋም።

የሚቀረው ውሃውንና አየሩን ማገናኘት ነው። ቀላል ይመስላል፤ የፈጠራ ባለመብቶች መቶ ዓመት ሙሉ የተረባረቡት ግን በዚህች ነጥብ ላይ ነው። በባልዲ ያለ ውሃ የሚተነው ከላዩ ብቻ ነው። ስለዚህ መበተን አለበት። የመጀመሪያው ዘዴ ኩሬ ላይ በቧንቧ ወደ ሰማይ መርጨት ነበር፤ ቦታ ይፈጃል፣ ነፋስም ውሃውን ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ የእንጨት ርብራብ መጣ፦ ውሃው ከላይ ሲወርድ ከርብራብ ርብራብ እየተላተመ ይፈነጣጠቃል። ዛሬ በአብዛኛው የሚገባው ስስ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ነው፤ ሞገድ ሞገድ ሆኖ ይደራረብና የማር እንጀራ ይመስላል። ውሃው በዚያ ላይ ቀጭን ቆዳ ሆኖ ይንሸራተታል፤ አየሩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየታከከው ያልፋል። ትንሽ ክፍል የማይሞላ ጥቅል በውስጡ የኳስ ሜዳ የሚያህል እርጥብ ገጽ ሊይዝ ይችላል።

ከፕላስቲኩ በላይ አከፋፋዩ አለ። በአንዳንዱ ማማ የሞቀው ውሃ ወለሉ በእኩል ርቀት የተበሳሳ ሰፊ ሳፋ ላይ ይፈስና በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል፤ ሠራተኛው ክዳኑን ከፍቶ የተደፈነውን ቀዳዳ በዓይኑ ማየት ይችላል። በሌላው ቧንቧዎች ተዘርግተው በእኩል ርቀት ኖዝል ይሰካባቸዋል፤ እንደ ሻወር ራስ ክብ አድርጎ ይረጫል። የክብ ችግሩ ግን ክቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መሐላቸው ባዶ መቅረቱ ነው፤ ቢደራረቡ ደግሞ አንዱ ቦታ እጥፍ ይርሳል። አራት ማዕዘን አድርጎ የሚረጭ ኖዝል ለመሥራት፣ ግፊቱ ሲቀንስም ስርጭቱን እንዳይለቅ ለማድረግ ብዙ ፓተንት የወጣው ለዚህ ነው።

ይህን ያህል ጭንቀት ለምን ይባል ይሆናል። አየር ሰነፍ ስለሆነ ነው። አንድ ኖዝል በዝገት ወይም በቅጠል ሲደፈን ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይደርቃል። የደረቀው መንገድ ውሃ የሚወርድበትን ያህል አያስቸግርምና አየሩ ወደዚያ ይጎርፋል፤ አንዳች ሙቀት ሳይነካ በላይ ይወጣል። ውሃው በአንድ ወገን፣ አየሩ በሌላ ወገን፣ ተጣልተው እንደተቀመጡ ባልና ሚስት። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይሽከረከራል፣ ሒሳቡ ይቆጥራል፣ ውሃው ግን እንደሞቀ ይመለሳል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያዘው ተለቅ ያለ ፋን ነው፤ መድኃኒቱ ግን መሰላል፣ የእጅ ባትሪና ቀጭን ሽቦ ነው።

የአየሩ ወገን ታሪክ ወደ ሆላንድ ይወስደናል። ፍሬደሪክ ቫን ኢተርሶንና ኸራርድ ካይፐርስ በ1916 (እ.ኤ.አ.) ወገቡ የቀጠነ የኮንክሪት ማማ ፓተንት አወጡ፤ የመጀመሪያው በ1918 ሄርለን አጠገብ ባለ የከሰል ማዕድን ተሠራ። ፋን የለውም። የሞቀውና የረጠበው አየር ቀላል ስለሆነ እንደ ጭስ ማውጫ ራሱ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል። ቅርጹ ስስ ግድግዳን ለመሸከም የሚመች መሆኑ ደግሞ ሲሚንቶ ያተርፋል። ዛሬ በፊልም ላይ የኑክሌር ጣቢያ ምልክት የሆነው ያ ቅርጽ ከኑክሌር በፊት የተወለደ ነው፤ ከአናቱ የሚወጣውም ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነው።

ኤሲም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1902 ዊሊስ ካሪየር ብሩክሊን ውስጥ ለአንድ ማተሚያ ቤት መፍትሔ የመፈለግ ሥራ ተሰጠው፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሞቹ አይገጥሙም። በ1906 የተሰጠው ፓተንቱ አየርን በውሃ ርጭት ውስጥ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነበር። ጉዱ፣ ውሃው በበቂ ከቀዘቀዘ ርጭቱ አየሩን ከማርጠብ ይልቅ ያደርቀዋል፤ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ጠል እንደሚያዝ ሁሉ የአየሩ እርጥበት በጠብታዎቹ ላይ ይያዛል። በዚያው ዓመት «ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚለውን ስም ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የጥጥ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ክር በደረቅ አየር ይበጠሳልና የእሱ ችግር አየሩን ማርጠብ ነበር።

ጅቡቲ ላይ ግን ከሁሉ የሚያስቸግረው ጨው ነው። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨውና ኖራ ይቀራሉ። ውሃው በዞረ ቁጥር ይበልጥ ይጎመዝዛል፤ በመጨረሻ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ፕላስቲኩንና ኖዝሉን ይደፍናል። ስለዚህ ከማማው ሥር ጥቂት ጥቂት እየደፉ አዲስ ውሃ መጨመር ግድ ነው። ሳይደፉ ቢተዉት ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ወደ አሳል ሐይቅ ይሂድ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፤ የባሕር ውሃ ከሥር ሰርጎ ይገባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ መውጫ የለውም። ከባሕሩ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆኗል፤ የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች በግመል ወደ ሸዋ ይጭኑት የነበረው የእሱን ጨው ነው። የከተማይቱ የጉድጓድ ውሃም ባሕር ስለሚገባበት ይጎመዝዛል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው፣ ከኢትዮጵያ ከሐደጋላ 102 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣውና በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያስገባ የታሰበው መስመር ደግሞ የተዘረጋው ለመጠጥ ነው እንጂ ለማማ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከማማው የሚወጣው አየር ደቃቅ ጠብታ ይዞ እንዳይበር አናቱ ላይ የተጣመሙ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ፤ አየሩ ሲታጠፍ ጠብታው መታጠፍ ያቅተውና ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ለብ ያለ ያልጸዳ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል፤ ጠብታውም ወደ ሳንባ ያደርሰዋል። በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ሲረግፉ ጣት የተቀሰረው በሕንፃው ማቀዝቀዣ ላይ ነበር፤ ተሕዋሱ የተለየው በ1977 መጀመሪያ ነው።

በካርቲየ 6 ቤቶች ያለው ክሊም (ኤሲ) እንዲህ ያለ ማማ የለውም፤ ሙቀቱን በደረቁ ወደ መንገድ ይተፋል። የመተላለፊያው ስፋት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ በሆነበት ቦታ የአንዱ ቤት ክሊም የሚተፋውን የማዶው ቤት ክሊም ይስበዋል፤ ሁለቱም እሳት እየተቀባበሉ ቆጣሪ ያስሮጣሉ። አንዱን ግማሽ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ልዩነት ያመጣል። በወበቁ ወራት ደግሞ ከክሊሙ ቱቦ ሥር ጀሪካን ይደረጋል። በካምሲን ጊዜ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል፤ በመስከረም ሌሊቱን ይሞላል። አይጠጣም፣ ግን ከአየር የተለቀመ ውሃ ስለሆነ ጨው የለውም፤ ለካውያ ይሆናል፣ ለጆንያም ይሆናል።