ብረትን በአረፋ ማንሳት

እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቅቤ እንዴት እንደሚናጥ ነግረዋችሁ ያውቃሉ? እርጎው በቅል ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይናጣል። ከብዙ ድካም በኋላ ቅቤው ተሰብስቦ ከላይ ይንሳፈፋል፤ አሬራው ከታች ይቀራል። ዛሬ የምናወራው ስለ ቆሻሻ ውሃ ነው፤ ነገሩ ግን ከቅቤ ብዙም አይርቅም።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከወጥ ቤታችንና ከመታጠቢያ ቤታችን የሚወጣው ውሃ አብዛኛው የሚሄደው በሴንት ፖል፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለው ትልቅ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። ወንዙ ይሸታል፤ ዓሣውም አልቆ ነበር።

በማጣሪያው ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። የምግብ ትርፍራፊውንና ሌላውን ቆሻሻ ይበሉታል። ክሮሚየምን፣ ካድሚየምንና እርሳስን ግን ሊበሉ አይችሉም። እነዚህ ከባድ ብረቶች አይበሰብሱም። ወይ ከውሃው ጋር ወንዝ ይገባሉ፣ ወይ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ከከተሞቹ በታች ወንዙ ይሰፋና የፔፒን ሐይቅ ይሆናል። ሳይንቲስቶች የሐይቁን ጭቃ ቆፍረው ሲመረምሩ የድሮው ሜርኩሪ እዚያው ተነባብሮ ያገኙታል። ደስ የሚለው፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ የሚጨመረው በጣም ቀንሷል።

ስለዚህ ብረቱን መያዝ የሚሻለው ከፋብሪካው ከመውጣቱ በፊት ነው። ዕቃ በኒኬል ወይም በክሮም የሚለብጡ ፋብሪካዎች ውሃቸውን አጣርተው እንዲለቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ግን እንዴት? ብረቱ እንደ ጨው ሟሙቷል፤ በዓይን አይታይም፤ በጨርቅም አይጠለልም።

በመጀመሪያ ኖራ ወይም ተመሳሳይ ነገር ይጨመርበታል። ያኔ ብረቱ ከውሃው ተለይቶ ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል። ሌላ መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ጥጥ ይመስላሉ። አሁን አረፋው ይመጣል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡ፦ ታምቆ የነበረው ጋዝ በአንዴ አረፋ ይሆናል። እዚህም አየር በኃይል ታምቆ በውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ይደረጋል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ብዙዎቹ አረፋዎች ከፀጉር ውፍረት አይበልጡም። ከጥጡ ጋር ይጣበቁና ወደ ላይ ያነሱታል። ከላይ መጥረጊያው ይገፈዋል፣ ልክ እንደ ቅቤው።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ፋብሪካዎች ብረቱን አንሳፍፈው ሳይሆን አስዘቅጠው ነው የሚለዩት። ቀላል ቅንጣት ግን ለመዝቀጥ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ለመንሳፈፍ ደቂቃዎች ይበቁታል። ብልሃቱን ቀድመው የተጠቀሙበት ማዕድን አውጪዎች ናቸው። በ1959 ደግሞ ፌሊክስ ሴባ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ኬሚስት የሟሟ ብረትን ሳሙና በሚመስል ነገር ይዞ በአረፋ ማውጣት እንደሚቻል ጻፈ።

ወላጆቻችሁን ስለ ሞጆ ጠይቋቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለች የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ቆዳው የሚለፋው በክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየሙ ካልተያዘ ወንዝ ይገባል። በዚያ ወንዝ ከብቶች ይጠጣሉ፤ አትክልት ይጠጣል። አረፋው እዚያም ይሠራል፤ ግን መብራትና መድኃኒት በየቀኑ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው።

የተገፈፈው ዝቃጭስ? ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ በመኪና ይወሰዳል። ብረቱ አልጠፋም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ።