የበረራ ዕቅድ የሚጀምረው ከመሬት ነው

በመርካቶ በእህል በረንዳ አካባቢ ማለዳ የተገኘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የሚዛንና የጭነት ወሬ ነው። ተሸካሚው ኩንታሉን በትከሻው አድርጎ ይገባል፤ ይወጣል። ነጋዴው ክብደቱን ይመዘግባል። ከገጠር የመጣው የማኅበር ተወካይ ደግሞ ባዶ ጆንያና ሸራ ገዝቶ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መኪና ይፈልጋል። የጭነት መኪናው ሹፌር ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉት። «ወንድሜ፣ ስንት ኩንታል ነው? በየት በኩል ነው የምንሄደው? ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላስ ዝናብ ጥሎበታል ወይስ ደርቋል?» ይላል።

ሹፌሩ ይህን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣ መኪናና በሜዳ የሚጓዝ መኪና እኩል አይጭኑም። ጣርማበር በጉም ሲሸፈን የሚያድር እንጂ የሚያልፍ ሹፌር ብልህ አይባልም። እንግዲህ የአውሮፕላን አብራሪም ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ገደልና ወንዝ ስለማያግደው የአገሩ አቀማመጥ አይመለከተውም ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። የበረራ ዕቅድ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በመሬት ላይ ካሉት ሰዎች መካከልም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ቀላል አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አድርጓል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገለገሉት ዲሲ 3 የተባሉት አውሮፕላኖች ናቸው። ጭነቱ መሐል ላይ ታስሮ፣ ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጓዝ ነበር። የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ በዚያን ጊዜ ልደታ ነበር፤ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። በ1950ዎቹ ጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ ግን የልደታ ሜዳ አጠራቸውና ቦሌ ተሠራ። ሜዳው ለምን አጠረ የሚለው ጥያቄ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል።

ኩንታል በመርካቶም በጋምቤላም ያው ኩንታል ነው፤ 100 ኪሎ ግራም ነው። አውሮፕላኑ የሚሸከመው ኩንታል ብዛት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አውሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚነሣ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ወደ 112 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። የፍጥነቱ ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም የመንደርደሪያው ርቀት በሩብ ያህል ይረዝማል። ሞተሩም ያው የሳሳ አየር ስለሚደርሰው ጉልበቱ ይቀንሳልና ርቀቱ ከዚያም በላይ ይሆናል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ርዝመት ያስፈለገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላ የነበረው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣ የነበረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዋሽንግተን ሲነሣ ሜዳው ዝቅተኛ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይችላል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ለአዲሱ አየር ማረፊያ የተመረጠው ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአቡሴራ ሜዳ ከቦሌ ዝቅ ያለ መሆኑም ለጭነት እንደ ትልቅ ጥቅም የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

ቆላ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ችግር ያመጣል። ጋምቤላ ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም፣ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይሳሳል። በደጋም ቢሆን ማለዳ 8 ዲግሪ የነበረው ሙቀት እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይቀላል። ስለሆነም ማለዳ የሚነሣ አውሮፕላን ቀትር ላይ ከሚነሣው የበለጠ ይጭናል። ገበሬው በሬውን ፀሐይ ሳይበረታ እንደሚጠምድ፣ አብራሪም ብርዱን ይጠቀምበታል።

ሰዓቱ የሚመረጠው ለክብደት ብቻ አይደለም። በክረምት ማለዳ ሸለቆው በጉም ሊሸፈን ይችላል። ጉሙ ሲገለጥ ጥቂት የጠራ ሰዓት ይገኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው ተከምሮ ነጎድጓድና በረዶ ያመጣል። ሜዳው አፈር ከሆነም ጭቃ አለ። የላሊበላ አየር ማረፊያ ሳይነጠፍ በፊት በክረምት ይዘጋ የነበረ መሆኑን የአካባቢው ሰው ያስታውሰዋል። ተራራውም የራሱ ጠባይ አለው። ነፋስ ተራራን አልፎ ሲወርድ አውሮፕላኑን ወደ ታች ይጫነዋል። አገራችን በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ትወርዳለች፤ በራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ትወጣለች። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያቋርጥ በረራ ለእያንዳንዱ ቦታ ለየብቻው ይሰላል።

ከዚህም ሌላ አብራሪው ያሰበበት ቦታ ባያሳርፈው ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስን አይነሣም። ለምሳሌ ጎንደር በደመና ቢዘጋ ባሕር ዳር ሊታሰብ ይችላል። ለዚህ የሚበቃ ትርፍ ነዳጅ መያዝ አለበት። ለነዳጅ የተጨመረ እያንዳንዱ ኩንታል ደግሞ ከጭነቱ ላይ አንድ ኩንታል ያስቀንሳል። «ባዶ ቦታ እያለው ለምን እህሉን ሁሉ አልጫነም?» ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ የሆነበትን ጊዜ ብዙዎች አይረሱትም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የጭነት አውሮፕላኖች እህል ያመላልሱ ነበር። ማረፊያ ሜዳ በሌለባቸው ደጋማ ቦታዎች የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን ከአየር ይጥሉ ነበር። ጆንያው መሬት ሲነካ እንዳይፈነዳ በሌላ ጆንያ ተደርቦ ይታሰር ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሳካው ሜዳው ሰፊና ደልዳላ ሲሆን፣ ሰውና ከብትም ከመጣያው ሲርቁ ነው። ይህን የሚያደርገው አብራሪው ሳይሆን በቦታው ያለው ሕዝብ ነው።

አውሮፕላን ለእርሻም ያገለግላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1979 ዓ.ም. «እሸት» የሚል ስም የሰጣቸውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖች አገር ውስጥ መገጣጠም ጀምሮ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅና በሰሜን ሲስፋፋ የመርጫ አውሮፕላኖች ተሰማርተዋል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ማለቂያ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ውስጥ ገብቶ፣ መስተዋቱ በአንበጣ ስለተሸፈነ ድሬዳዋ ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ እንዲያልፍ ተገዷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። መንጋው ሌሊት አርፎ ያድርና ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ማታ የት እንዳደረ ያልታወቀ መንጋ ጠዋት አይገኝም። የግሪሳ ወፍ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ቀን በማሽላው ላይ ተበትኖ ይውልና ማታ ወደ ማደሪያው ይሰበሰባል። መርጫው ማደሪያውን ማወቅ አለበት፤ ማደሪያውን የሚያውቀው ደግሞ እረኛው ነው።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የአንበጣ ወይም የግሪሳ ወሬ ሲላክ የቀበሌው ስም ብቻ አይበቃም። የወንዙ መገናኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ከዚያም በየትኛው አቅጣጫ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነገር። ዘመናዊ ስልክ ያለው ወጣት ካለ ስልኩ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ይላክ። መንጋው ያረፈበት ሰዓትም አይዘንጋ።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ምሰሶ፣ ረጅም ዛፍም የት እንዳለ ይነገር። ዝቅ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ከተራራ ይልቅ የማይታይ ሽቦ ይከፋል።

ሦስተኛ፣ መርጫው ከመድረሱ በፊት ከብቱ ይራቅ፣ ልጆች ይሰብሰቡ፣ የመጠጥ ውኃ ይከደን፣ የንብ ቀፎ ይነሣ ወይም ይሸፈን። መድኃኒቱ በተረጨበት ቦታ ስንት ቀን ከብት እንደማይሰማራ ከባለሙያው ሳይጠይቁ ማሰማራት አይገባም። ቀትር ላይ ነፋስና ሙቅ አየር መድኃኒቱን ስለሚበትነው አውሮፕላኑ ማለዳ ወይም ማታ ቢመጣ «ዘገየ» ተብሎ አይወቀስ።

አራተኛ፣ በአየር ማረፊያ አጠገብ ያሉ ማኅበራት ከብት በሜዳው ላይ እንዳይሰማራ፣ አካባቢውም ጥንብና የእህል ግርድ እንዳይጣልበት ይጠብቁ። ጥንብ አሞራን ይጠራል፤ ጥሬ ርግብን ይጠራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ለመውደቅ ተገዶ ነበር። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ በአንድ ስብሰባ ተነግረው ሥራው ለየሰዉ ሊከፋፈል የሚችል ነው። ከመርካቶ ጭኖ የሚነሣው ሹፌር የመንገዱን ሁኔታ የሚጠይቀው ከዚያ ከመጣው ሰው ነው። አብራሪም ከላይ ሆኖ የማያየውን የሚነግረው በቦታው ያለው ገበሬ ነው። ትክክለኛ ወሬ በጊዜው ከደረሰው አውሮፕላኑ የሚበቃውን ጭኖ፣ በሚመቸው ሰዓት፣ በሚፈለግበት ቦታ ይገኛል። የተሳሳተ ወሬ ከደረሰው ግን ነዳጁ በከንቱ ያልቃል፤ አንበጣውም ማሳውን በልቶ ያልፋል።