ክፋት በቃላት ቁጥር ይለካልን?

ውድ አንባቢ፣ ለቤተሰብዎ ፊልም ሲመርጡ በምን ይመዝኑታል? ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ስድብ አለበት ወይ? ጸያፍ ንግግር አለበት ወይ?» ብለን ነው። ንግግሩ ንጹሕ ከሆነ ልጆቹ እንዲያዩት እንፈቅዳለን። ይህ ጥንቃቄ መልካም ነው። ነገር ግን አፍን በመመርመር ብቻ ክፋትን ማወቅ ይቻላልን? የፊልም ገጸ ባሕርያትን ጠባይ በኮምፒውተር ለመለየት የሚሞክሩ ተመራማሪዎችም የሚገጥማቸው ይኸው ጥያቄ ነው። ከሥራቸው እኛም የምንማረው አለ።

ቃላትን መቁጠር

ቀላሉ ዘዴ ቆጠራ ነው። በመጀመሪያ የቃላት መዝገብ ይዘጋጃል፤ ቁጣን፣ ሐዘንን፣ ሞትን፣ ደስታን የሚገልጹ ቃላት በየክፍላቸው ይመደባሉ። ከዚያም ኮምፒውተሩ አንድ ገጸ ባሕርይ በፊልሙ ውስጥ የተናገረውን ሁሉ ወስዶ ከየክፍሉ ስንት ቃል እንደተጠቀመ ያሰላል። ለምሳሌ ሰውዬው 1,000 ቃላት ተናግሮ 30ዎቹ የቁጣ ቃላት ቢሆኑ ውጤቱ 3 በመቶ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት የታወቀ ፕሮግራም የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ቆጠራ ላይ ነው።

የሚቆጠረው ጽሑፍም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ617 ፊልሞች የተወሰዱ ከ300,000 በላይ ንግግሮችን ሰብስበው ለጥናት አቅርበዋል። ተናጋሪዎቹ 9,035 ገጸ ባሕርያት ናቸው።

ጨዋ አንደበት ያለው ነፍሰ ገዳይ

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የፊልም ተቋም በአሜሪካ ፊልሞች ታሪክ የታወቁ 50 ጀግኖችንና 50 ክፉ ገጸ ባሕርያትን መርጦ ነበር። ከክፉዎቹ አንደኛ የወጣው ሃኒባል ሌክተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» በተባለው ፊልም አንቶኒ ሆፕኪንስ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ። ይህ ሰው የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሳለ ሰው የሚገድል፣ የገደለውንም የሚበላ ነው። ንግግሩ ግን የተማረና የጨዋ ሰው ንግግር ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ብልግናንም ይጠላል።

በአንጻሩ ነፍሰ ገዳይ የሚያድን መርማሪ ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ስለ ሬሳ፣ ስለ ደምና ስለ ግድያ ያወራል፤ ሥራው ነውና። እንግዲህ ቃል ብቻ ብንቆጥር ክፉው መርማሪው፣ መልካሙም ገዳዩ ሊመስሉን ይችላሉ።

በእኛ ቋንቋማ ነገሩ ይብሳል። «ገደለው» እና «አልገደለውም» የሚወጡት ከአንድ ግሥ ነው፤ የግሡን ሥር ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ሁለቱንም እኩል ይቆጥራቸዋል። ሰሙን ቆጥሮ ወርቁን ይስታል ማለት ነው።

ማን በማን ላይ ምን አደረገ?

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2013 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ባማን፣ ብሬንደን ኦኮነር እና ኖኣ ስሚዝ የ42,306 ፊልሞችን ታሪክ ማጠቃለያ ከዊኪፔዲያ ወስደው አጠኑ። ስለ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተመለከቱት ሦስት ነገር ነው፦ ምን አደረገ? ምን ተደረገበት? በምን ቃል ተገለጸ? ኮምፒውተሩ ማን ክፉ እንደሆነ አስቀድሞ ሳይነገረው፣ ተግባራቸውና አገላለጻቸው የሚመሳሰሉትን በአንድ ወገን ይመድባቸዋል።

ይህ መንገድ የሰውን አፍ ትቶ እጁን ይመለከታልና ከቆጠራው ይሻላል። ሆኖም እርሱም ወሰን አለው። ለዝርፊያ የገደለና ልጁን ሲያድን የገደለ ሰው ሁለቱም «ገደለ» ይባላሉ። ግሡ አንድ ነው፤ ልቡ ግን የተለያየ ነው።

ወንጌሉን ብንሰጠውስ?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ያንን ቃል ቆጣሪ ፕሮግራም ወደ ማቴዎስ ወንጌል እንውሰደው። በምዕራፍ 26 ይሁዳ ጌታችንን አሳልፎ ሲሰጠው በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶ ይስመዋል። በቃላቱ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። በምዕራፍ 23 ደግሞ ጌታ ራሱ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በብርቱ ቃል ይገሥጻል። ቆጣሪው ይሁዳን መልካም፣ ጌታን ግን ቁጡ ብሎ ይመዘግባል! ያ ሰላምታ ክህደት፣ ያ ተግሣጽ ደግሞ ሐዘን ያለበት ፍቅር መሆኑን የሚያውቀው ታሪኩን ሁሉ ያነበበ ብቻ ነው። ያው ምዕራፍ 23 የሚያበቃው ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም በማዘን መሆኑን ልብ ይበሉ።

ይህ ማለት መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ማንም ሰው ተቀምጦ ሊያያቸው የማይችላቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ፊልሞች በአንድ ላይ ለማነጻጸር ይጠቅማል። ፍርዱ ግን የእኛ ነው።

እንግዲህ ቀጥሎ ከልጆችዎ ጋር ፊልም ሲያዩ ስድቡን ብቻ አይቁጠሩ። ፊልሙ ሲያልቅ አብራችሁ ተጠያየቁ፦ ማን ተጎዳ? የጎዳውስ ማን ነው? ፊልሙ ከማን ጋር እንድንስቅ፣ ለማንስ እንድናዝን አደረገን? «አክተሩ» ስላደረገው ብቻ ክፉው ነገር መልካም መስሎ አልታየንምን? ስድብ የሌለበት ፊልም ልጆቻችንን በቀልን እንዲወዱ፣ በድሃ ላይ እንዲስቁ ሊያስተምር ይችላል። አደጋው ጨዋ አንደበት ይዞ ቤታችን ሲገባ በሩን የከፈትንለት እኛው ልንሆን እንችላለን።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።