በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ጊንጥ፤ የንጣፍ አፈሩ አጠባበቅ

መግቢያ

ጊንጥ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ደረቅ ምድር ነው። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 8 እስራኤል ስላለፉበት ምድረ በዳ ሲነገር ጊንጥና የውሃ ማጣት በአንድነት ተጠቅሰዋል። የቈላ አገራችን ሰውም ጊንጥን የሚያውቀው ከድንጋይ ሥርና ከደረቅ እንጨት ክምር ውስጥ ሲወጣ ነው። ከዚህም የተነሣ ጊንጥን ለማኖር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቂት አሸዋ በትኖ፥ አንድ ድንጋይ አኑሮ፥ እንስሳውን ከላዩ ማስቀመጥ ነው። ይህ አሠራር ግን ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዟል። እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት የተመዘገቡት የጊንጥ ዓይነቶች ከ2,500 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዱ በበረሃ፥ አንዳንዱ በዝናም ደን፥ አንዳንዱም በተራራ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ለአንዱ የተስማማው አፈር ለሌላው መሞቻው ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጊንጥን በቤት ማኖር ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዩኒቨርሲቲዎችም መርዙንና የስሜት አካላቱን ለማጥናት በብዛት ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሣጥኑ ወለል ላይ የሚነጠፈው አፈር ምን አገልግሎት እንዳለውና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ይህንንም አፈር ከዚህ በኋላ «ንጣፍ» እንለዋለን። ጸሐፊው ሊያስረዳ የሚሞክረው ዋና ነገር ንጣፍ ጊንጡ የሚቆምበት ወለል ብቻ አለመሆኑን ነው። ንጣፉ የጊንጡ ቤት፥ የውሃው ጎተራ፥ የሙቀቱ መጠበቂያ፥ ከዚህም በላይ የሚሰማበት ጆሮው ነው።

ሀ. ንጣፍ ለጊንጡ የሚሰጠው አገልግሎት

አንደኛ፤ ንጣፍ ከሙቀትና ከድርቀት መሸሸጊያ ነው። በአሜሪካ በሶኖራ በረሃ የሚኖረው ሃድሩሩስ አሪዞነንሲስ የተባለው ትልቅ ጠጕራም ጊንጥ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው። በዚያ በረሃ በበጋ ቀትር ላይ የምድሩ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ይህንን ሙቀት በግልጽ ሥፍራ ሊቋቋም የሚችል ጊንጥ የለም። እርሱ ግን ከአንድ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጕድጓድ ቈፍሮ ቀኑን በታች ያሳልፋል፤ በዚያም አፈሩ ቀዝቃዛ፥ አየሩም ከላይኛው ይልቅ እርጥብ ነው። እንግዲህ «የበረሃ ጊንጥ ደረቅ ነገር ይወዳል» የሚለው አባባል መታረም ይገባዋል። የበረሃ ጊንጥ ከበረሃው ገጽ የሚሸሽ እንስሳ ነው።

ሁለተኛ፤ ንጣፍ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ፊሊፕ ብራውኔል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንደ ገለጠው፥ በሞሃቬ በረሃ የሚኖረው የአሸዋ ጊንጥ ሌሊት አደኑን የሚያገኘው በዓይኑ ወይም በማሽተት ሳይሆን በአሸዋው ውስጥ በሚተላለፍ መንቀጥቀጥ ነው። አንድ በረሮ በአሸዋ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በገጹ ላይ የሚሄደው ሞገድ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። ይህ ለመንቀጥቀጥ እጅግ የዘገየ ፍጥነት ነው። ጊንጡ ስምንቱን እግሮቹን በዙሪያው ዘርግቶ ስለሚቆም ሞገዱ አስቀድሞ የትኛውን እግር እንደ ነካ በመለየት አደኑ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። እንዲህ ከሆነ ባዶ መስታወት ላይ ወይም በስስ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ጊንጥ ጆሮው እንደ ተደፈነ ሰው መቈጠር አለበት። ስለ ጊንጥ አደን የሚያጠና ተማሪ ንጣፉን ካላስተካከለ በመዝገቡ የሚጽፈው የጊንጡን ጠባይ ሳይሆን የሣጥኑን ጠባይ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ጊንጥ ከሆዱ በታች ማበጠሪያ የሚመስሉ ሁለት አካላት አሉት። ሲሄድ በእነርሱ ምድሩን እየዳሰሰ በአፈሩ ላይ ያለውን ሽታና የአፈሩን ሸካራነት ይለያል። በዚህ ምክንያት ለእኛ አንድ ዓይነት የሚመስለን አፈር ለእርሱ ምልክት የሞላበት ነው።

ለ. ስለ ንጣፍ አመራረጥ

ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ምድሩ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር ብሎ እንደሚለይ፥ ጊንጥን የሚያኖርም ሰው አስቀድሞ እንስሳው ከየት አገር እንደ መጣ ማወቅ አለበት። ደገኛን ያለ ልብስ ለውጥ ወደ በረሃ ማውረድ፥ ቈለኛንም ያለ ጋቢ በደጋ ማሳደር ጕዳት ነው። የጊንጥም ነገር ከዚህ አይለይም። ለማነጻጸሪያ ሁለት ዓይነቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ፓንዲኑስ ኢምፔራቶር፥ ማለት ንጉሠ ነገሥት የተባለው ጊንጥ ነው። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ሲሆን በጋና፥ በቶጎ፥ በቤኒንና በናይጄሪያ ደኖችና እርጥበት ባላቸው ሣራማ ቦታዎች ይገኛል። ርዝመቱ እስከ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል። መኖሪያውም በወደቀ ግንድ ሥር፥ በራሱ ጕድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። ለዚህ የሚስማማው ንጣፍ ውሃን ይዞ የሚያቈይ አፈር ነው፤ ይኸውም የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ ማዳበሪያ ካልገባበት ጥቁር አፈር ጋራ ተቀላቅሎ፥ በላዩ የረገፈ ቅጠልና የእንጨት ቅርፊት የተበተነበት ነው። ጥልቀቱ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው ከላይ የተጠቀሰው የሶኖራ ጊንጥ ነው። ለእርሱ ንጹሕ አሸዋ ብቻውን አይበቃውም፤ ደረቅ አሸዋ ሲቈፈር ይናዳልና። አሸዋው ከሸክላ አፈር ጋራ ተደባልቆ፥ በውሃ ርሶ፥ ተጠቅጥቆ ቀስ በቀስ እንዲደርቅ ይደረጋል። መልካም መሆኑን ለማወቅ በጣት ወይም በእንጨት ማዘንበያ ቀዳዳ ይበሳበታል፤ ቀዳዳው ሳይናድ ከቆመ ጊንጡም ዋሻውን ሊሠራበት ይችላል። ጥልቀቱ ከ15 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ይመረጣል። ከባድ ድንጋይ የሚገባ ከሆነ በመስታወቱ ወለል ላይ በቀጥታ መቀመጥና አፈሩ በዙሪያው መሞላት አለበት፤ በአፈሩ ላይ ከተቀመጠ ጊንጡ ከሥሩ ሲቈፍር ሊደረምስበት ይችላል።

ለማንኛውም ዓይነት የማይስማሙም አሉ። የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂ ሽታው የሚጐዳ ዘይት አለው። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መግደያ የተጨመረበት የአበባ አፈርም ለእንስሳው መርዝ ነው። ሹል ጠጠርም ለመቈፈር አይመችም።

ሐ. እርጥበትን ስለ መጠበቅ

በንጣፍ አጠባበቅ ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ስሕተትም የሚበዛው በዚሁ ነው። ብዙ ሰዎች እርጥበትን የሚጠብቁት የአፈሩን ገጽ በየቀኑ ውሃ በመርጨት ነው። በዚህ አሠራር ላዩ ይጨቀያል፥ ታችኛው ክፍል ግን ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ከተፈጥሮው ሥርዓት የተገላቢጦሽ ነው። በተፈጥሮ ላዩ ይደርቃል፥ ታቹ እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው በሣጥኑ አንድ ማዕዘን በቀስታ እየፈሰሰ ወደ ታች እንዲወርድ ማድረግ ይሻላል። ሣጥኑ ሲዘጋጅ በማዕዘኑ ቀጭን ቱቦ እስከ ወለሉ ድረስ ቢተከል ሥራው የበለጠ ይቃናል። እንዲህ ሲደረግ ጊንጡ እርጥበት ሲያምረው ይወርዳል፥ ደረቅ ሲሻ ይወጣል፤ ምርጫው የራሱ ነው።

የአፈሩን ልክ ለማወቅ ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን በእጇ እንደምትፈትን ማድረግ ነው። ለደን ጊንጥ የሚሆነው አፈር በጭብጥ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ የሚቀር፥ ነገር ግን ውሃ የማይፈስበት ነው። ከጣት መካከል ውሃ ከወረደ በዝቷል፤ እጅ ሲከፈት ከፈረሰም አንሷል። ለበረሃ ጊንጥ ግን ንጣፉ በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ፥ በአንድ ወገን ከታች ብቻ አልፎ አልፎ ጥቂት ውሃ ይሰጠዋል።

ከልክ ያለፈ ርጥበት የሚጐዳው በሁለት መንገድ ነው። የጊንጥ ሳንባ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ሲሆን ስምንቱ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ያሉት ከሆዱ በታች፥ ወደ መሬት ዞረው ነው። ስለዚህ ረግረግ በሆነ ንጣፍ ላይ የሚውል ጊንጥ እስትንፋሱ ያለው ከጭቃው አጠገብ ነው። እንደዚሁም አየር በማይዘዋወርበት እርጥብ ሣጥን ውስጥ ሻጋታና መዥገር መሰል ጥቃቅን ተባዮች ይራባሉ። መድኃኒቱ ውሃውን መከልከል ብቻ አይደለም፤ ከክዳኑና ከጐኑ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ማብዛት ነው። በአንጻሩ የደን ጊንጥ በደረቅ ንጣፍ ላይ ሲኖር የውጭ ቅርፊቱን በሚጥልበት ጊዜ አሮጌው ልባስ ሊጣበቅበትና ሊሞት ይችላል። ይህም በተለይ በማደግ ላይ ላሉት ግልገሎች ያሰጋል።

መ. ስለ ሙቀት

ለንጉሠ ነገሥቱ ጊንጥ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ሙቀት ይበቃዋል። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ብዙዎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ከሣጥኑ በታች ያደርጋሉ። ይህ ግን አደገኛ ነው። ጊንጥ ሲሞቀው ወደ ታች መቈፈር የተፈጠረበት ጠባይ ነው፤ በአገሩ ሲወርድ ሁልጊዜ ቅዝቃዜን ያገኛልና። ማሞቂያው ከታች ከሆነ ግን ለማምለጥ በቈፈረ ቍጥር ወደ እሳቱ ይቀርባል፤ የታችኛውም እርጥበት አስቀድሞ ይደርቃል። ማሞቂያው በአንድ ጐን መስታወት ላይ፥ ከንጣፉ ገጽ በላይ መሆን አለበት። የዚያን ጊዜ የሣጥኑ አንድ ወገን ሞቃት፥ ሌላው ቀዝቃዛ ይሆናል።

ሠ. ስለ ጽዳትና ስለ ንጣፍ ለውጥ

ጊንጥ ጥቂት የሚበላ፥ ጥቂትም የሚያወጣ እንስሳ ስለ ሆነ ንጣፉን በየሳምንቱ መለወጥ አያስፈልግም። እንዲያውም ዋሻውን ደጋግሞ ማፍረስ ዕረፍት ይነሣዋል። የሚያስፈልገው በየጊዜው መቃኘት ነው። ከፌንጣ ወይም ከበረሮ የተረፈው ቅሪት በማግስቱ በረዥም ወረንጦ ይወጣል። ሻጋታ የታየበት አፈር ከነዙሪያው በማንኪያ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል። ያልተበላ በሕይወት ያለ ነፍሳም መውጣት አለበት፤ ቅርፊቱን በመጣል ላይ ያለ ጊንጥ ሰውነቱ ለስላሳ ስለ ሆነ ፌንጣ ሊበላው ይችላልና።

በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ ኮለምቦላ የተባሉትን ጥቃቅን ዘላይ ፍጥረታት የሚጨምሩ አሉ። እነዚህ ሻጋታንና ብስባሽን እየበሉ አፈሩን ስለሚያጸዱ ሙሉ ለውጡን ለረዥም ጊዜ ያዘገዩታል። እነርሱ በሌሉበት ሣጥን እርጥብ ንጣፍ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢለወጥ ይበቃል፤ ደረቁ ከዚህም በላይ ይቈያል። አፈሩ ክፉ ሽታ ካመጣ ግን ቀን መቍጠር ሳያስፈልግ መለወጥ ነው። በሚለወጥበትም ጊዜ ከአሮጌው ንጹሕ ክፍል ጥቂት ማስቀረት ይጠቅማል፤ ጊንጡ የሚያውቀው ሽታ ፈጽሞ አይጠፋበትምና። እናቲቱ ግልገሎቿን በጀርባዋ ተሸክማ ሳለች ወይም እንስሳው ቅርፊቱን በሚጥልበት ሰሞን ለውጡ ወደ ሌላ ጊዜ መተላለፍ አለበት።

ሠራተኛው ስለ ራሱም ማሰብ ይገባዋል። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሚገኘው እንደ ሌዩሩስ ያለው ጊንጥ መርዙ ሰውን፥ በተለይም ሕፃናትን፥ ሊገድል ይችላል። በጥልቅ ንጣፍ ውስጥ የተሰወረ ጊንጥ ያለበት ሣጥን ውስጥ እጅ አይገባም። አስቀድሞ ጨለማ ተደርጎ የአልትራቫዮሌት መብራት ለጥቂት ጊዜ ሲበራ ጊንጡ ከወጣ በአረንጓዴ ብርሃን ያበራል። ቅርፊቱን በቅርብ የጣለ ግን ስለማያበራ በመብራቱ ብቻ መታመን አይገባም። ጊንጡ በወረንጦ ተይዞ ክዳኑ በሚዘጋ ሌላ ዕቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ አፈሩ ይነካል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ክርክር ይመለሳል። ጊንጥን የሚያኖር ሰው ሊያየው ይፈልጋል፤ ጊንጡ ግን መሰወር ይፈልጋል። ስስ ንጣፍ የሚነጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ለሰውየው ዓይን ሲባል ነው። ጥልቅ ንጣፍ የተሰጠው ጊንጥ ለብዙ ቀናት ላይታይ ይችላል፤ ሲታይ ግን የሚታየው እውነተኛ ጠባዩ ነው።

ነገሩ የአንድ እንስሳ ጕዳይ ብቻም አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ጊንጥ ከምዕራብ አፍሪካ ምድር በብዛት እየተለቀመ ስለ ተሸጠ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እናቲቱ ግልገሎቿን በሆዷ የምትይዘው ብዙ ወራት ነው፤ ግልገሎቹም ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ያለ ዕድሜው በሞተ ቍጥር በምትኩ ሌላ ከጕድጓዱ ይወጣል። ጥቂት ጣት የሚያህል አፈር መጨመርና ውሃውን በልኩ መስጠት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሰው ጊንጡን በአገሩ ቢተወው የተሻለ ነው።