ፊውዝ የማያውቀው እሳት
የአሮጌ መኪና ሽቦ በአፉላ ሙቀት

በሰሜን እስራኤል፣ በይዝራኤል ሸለቆ መካከል፣ በ1925 በተቆረቆረችውና ዛሬ የብዙ ቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ በሆነችው በአፉላ ከተማ የበጋው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ፣ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ኮፈኖው ሥር ያለው የሽቦ ልባስ ከዓመት ዓመት እየደረቀ ይሄዳል። ልባሱ መዳቡን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ሲሆን፣ አዲስ ሳለ የሚተጣጠፈው ማለስለሻ ስለተቀላቀለበት ነው፤ ማለስለሻው በሙቀት ሲያልቅ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሽቦ በጣት ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚገባው የክረምት እርጥበትም መዳቡን አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። ከተማዋ በእርሻ የተከበበች በመሆኗ፣ በብርድ ጊዜ የሞተር ሙቀት ፈልጎ የሚገባ አይጥ የሚቆረጥመው ሽቦም ከዚሁ ይደመራል።

ብዙ ባለመኪና የሚፈራው ሾርት የሚባለውን፣ በዕብራይስጥ ኬጸር የሚሉትን ብልሽት ነው፤ ይኸውም የተላጠ የፖዘቲቭ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ ባትሪው ብዙ መቶ አምፔር፣ ማለትም እጅግ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ በአንድ ጊዜ የሚለቅበት ሁኔታ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ፊውዝ ነው፤ 15 አምፔር የተጻፈበት ፊውዝ ከልኩ በላይ ሲፈስበት ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል። በተቃጠለ ቁጥር በ30 አምፔር ወይም በሽቦ ቁራጭ የሚተካው ሰው ግን ፊውዙ የተመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ መሆኑን ስለሚዘነጋ፣ ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ፊውዝ ጨርሶ የማያውቀው ብልሽት ነው። 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት በ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር የማይሞላ ፍሰት ይወስዳል። ሶኬቱ ላልቶ ወይም ዝጎ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ፣ ማለትም ለፍሰቱ እንቅፋት፣ ቢፈጥር ፍሰቱ ወደ 4 አምፔር ይወርዳል፤ 2 ቮልት ያህሉም እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይቀርና ምስር በምታክል ቦታ ላይ 8 ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል፤ ይህም ፕላስቲኩን መጀመሪያ ያጠይመዋል፣ ቀጥሎ ያጠቁረዋል፣ በመጨረሻም ያቀልጠዋል። ፍሰቱ ከጤናማው እንኳ ያነሰ በመሆኑ ፊውዙ ሥራውን በትክክል እየሠራ ዝም ይላል። ባለመኪናው የሚያየው መብራቱ ፈዝዞ ወደ ቢጫ ማዘንበሉን ብቻ ስለሆነ፣ አምፖሉ አርጅቷል ብሎ ባለ 100 ዋት ሲያስገባ በታመመው መጋጠሚያ ላይ ሌላ ጭነት ይጨምርበታል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም በጥሩ ሐሳብ የሚደረግ ነው።

የኔጋቲቩ መስመርም የራሱ አደጋ አለው። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የተጎነጎነ ገመድ ከተበጠሰ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚስበው ከ100 አምፔር የሚበልጥ ፍሰት መመለሻ ፍለጋ በቀጭኑ የነዳጅ ፔዳል ገመድ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ያም ገመድ እስኪጨስ ድረስ ይግላል። አንዳንድ መኪና ደግሞ አደጋውን ከአሠራሩ ይዞ ይመጣል፤ አዲስ አበቤ ቮልስ እያለ በሚጠራት መኪና ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ መሸፈኛው ከጠፋ የወንበሩ ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ጫፎች ነክቶ የወንበሩን ሙሌት ሊያቀጣጥል ይችላል።

በእስራኤል ቴስት የሚባለው የመኪና ምርመራ መብራቱ መብራቱን እንጂ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ መጋጠሚያ መጋሉን ለማየት የታሰበ ስላልሆነ፣ ይህን ፍተሻ ባለቤቱ ከጋራዡ ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ኤሌክትሪሻኑ መብራቱን አብርቶ የቮልት መለኪያውን ሁለት ጫፎች በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ሲያሳርፍ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ መጋጠሚያው ተፈትቶ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት።

ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ከመጣ መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ሞተሩን ማጥፋት፣ ተሳፋሪን ሁሉ ማስወረድና በ102 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ያስፈልጋል። ከኮፈኖው ሥር ጭስ ሲወጣ ኮፈኖውን ወለል አድርጎ መክፈት ለእሳቱ አየር መመገብ ነው። ጭስ ሳይኖር ባትሪውን መንቀል ሲያስፈልግ አስቀድሞ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው፤ ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ ሾርቱን በገዛ እጁ ይፈጥረዋል።